ነሐሴ 1፦ የደራርቱ በርና የፈርያል በር

ዛሬ ከዕለቱ ፖለቲካ ጥቂት ፈቀቅ ብዬ ስለ አንዲት የካራቴ ተፋላሚ ልጽፍላችሁ ነው። ልጅቷ ግብፃዊት ናት። "ግብፅ" የሚለውን ቃል ሲያይ ጣቱ ወደ ሌላ ጽሑፍ የሚፈጥንበት አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ትንሽ ይታገሠኝ፤ ታሪኩ ዞሮ ዞሮ ወደ እኛው ቤት ይመጣልና። (ዓ.ም. ያልኩት በእኛ አቆጣጠር ነው፤ እ.ኤ.አ. ያልኩት ደግሞ በአውሮፓውያኑ።)

በቀኑ እንጀምር። ነሐሴ 1። ለኦርቶዶክስ ምእመናን ጾመ ፍልሰታ የሚገባበት ዕለት ነው። በስፖርት ታሪካችን ውስጥ ግን ሌላም ትርጉም አለው። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሎምፒክ የ20 ዓመቷ ደራርቱ ቱሉ የሴቶች 10,000 ሜትርን በ31 ደቂቃ ከ06.02 ሰከንድ አሸነፈች። በኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴትም ሆነች።

ልክ በ29 ዓመቱ፣ ነሐሴ 1 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ቶኪዮ በሚገኘው ኒፖን ቡዶካን አዳራሽ የ22 ዓመቷ ፈርያል አሽራፍ አብደልአዚዝ የአዘርባጃኗን ኢሪና ዛሬትስካን 2 ለ 0 አሸነፈች። ከ61 ኪሎ ግራም በላይ የካራቴ ፍልሚያ ወርቅ የእሷ ሆነ። በግብፅ ታሪክ የኦሎምፒክ ወርቅ ያጠለቀች የመጀመሪያዋ ሴት ናት።

የቀኑ መግጠም አጋጣሚ ነው፤ ምሥጢር አልፈልግበትም። ሁለቱን ሴቶች ጎን ለጎን አቁሜ ለማየት ግን ጥሩ ምክንያት ሰጠኝ። ሁለቱም ወርቅ ያገኙት በአንድ በር ገብተው ነው። የደራርቱ በር ተከፍቶ ቀረ፤ ከእሷ በኋላ ብዙዎች ገቡበት። የፈርያል በር ለሦስት ቀን ተከፍቶ ተዘጋ። የዛሬው ጽሑፍ ስለ እነዚህ ሁለት በሮች ነው፤ ከዚያም እኛ ለሴት ልጆቻችን የትኛውን በር እየከፈትን እንደሆነ እንጠይቃለን።

▪️ በዚያ ክረምት ዓይናችን የት ነበር?

የ2013ን ክረምት አስታውሱት። ሀገሪቱ ጦርነት ውስጥ ነበረች። ሐምሌ 1 የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ስለ ሕዳሴው ግድብ ተሰበሰበ። ሐምሌ 12 ሁለተኛው የግድቡ ሙሌት መጠናቀቁ ተነገረን። "ግብፅ" የሚለው ስም በጆሯችን የሚገባው በዚሁ በኩል ብቻ ነበር። ካይሮ ውስጥ አንዲት ወጣት ለሦስት ደቂቃ ፍልሚያ ዕድሜዋን ሙሉ ስትዘጋጅ እንደነበረች ማን ልብ ይላል?

ኦሎምፒኩንም ቢሆን የተከታተልነው በሩጫው መስኮት ነበር። ሐምሌ 23 ሰለሞን ባረጋ የ10,000 ሜትር ወርቅ ሲያመጣ ጨፈርን። ነሐሴ 1 ምሽት ደግሞ ሁላችንም የሴቶቹን 10,000 ሜትር እየጠበቅን ነበር። ያን ምሽት ከቡዶካን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኘው ብሔራዊ ስታዲየም የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ለሆላንድ የሮጠችው ሲፈን ሐሰን በ29 ደቂቃ ከ55.32 ሰከንድ አንደኛ፣ ለባሕሬን የሮጠችው ቃልኪዳን ገዛኸኝ ሁለተኛ፣ የእኛዋ ለተሰንበት ግደይ ሦስተኛ። ሦስቱም ኢትዮጵያ ውስጥ የተወለዱ ሴቶች ናቸው። ሦስት ኢትዮጵያውያን ተወላጆች በሦስት የተለያዩ ባንዲራዎች አንድ መድረክ ላይ ቆሙ።

ይህን ሥዕል ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ። አሁን ወደ ቡዶካን እንግባ።

▪️ ቡዶካን እና 1964

ኒፖን ቡዶካን የተሠራው ለ1964ቱ (እ.ኤ.አ.) የቶኪዮ ኦሎምፒክ ነው። ያን ዓመት ለእኛ የአበበ ቢቂላ ዓመት ነው። አበበ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈው፣ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ የገባው ያኔ ነው። ለጃፓኖች ደግሞ የጁዶ ዓመት ነበር። አስተናጋጅ ሀገር እንደመሆናቸው የራሳቸውን ስፖርት ኦሎምፒክ ውስጥ አስገቡ፤ አዳራሹንም ለጁዶ ሠሩለት።

ልብ በሉ፤ በዚያ የጁዶ ውድድር ሴት የለችም። ሴቶች በጁዶ ለኦሎምፒክ ሜዳሊያ የተፋለሙት በ1992 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ደራርቱ ባሸነፈችበት ባርሴሎና። በአትሌቲክሱም ቢሆን አበበ 42 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ለሴቶች የተፈቀደው ረጅሙ ሩጫ 800 ሜትር ነበር። እሱም ራሱ በትግል የተመለሰ ነው። በ1928 (እ.ኤ.አ.) አምስተርዳም ላይ ሴቶች 800 ሜትር ሮጡ። ከውድድሩ በኋላ አንዳንድ ጋዜጦች "ሴቶቹ ተዝለፍልፈው ወደቁ፤ ለሴት አካል አይሆንም" ብለው ጻፉ። ርቀቱ ከኦሎምፒክ ተሰረዘ፤ የተመለሰው ከ32 ዓመት በኋላ በ1960 ሮም ላይ ነው። 1,500 ሜትር ለሴቶች የተፈቀደው በ1972፣ ማራቶን በ1984፣ 10,000 ሜትር በ1988፣ 5,000 ሜትር በ1996፣ 3,000 ሜትር መሰናክል በ2008 (ሁሉም እ.ኤ.አ.)።

ይህ ዝርዝር ደረቅ ይመስላል፤ የብዙ ሴቶች ዕድሜ ግን ያለው በእሱ ውስጥ ነው። በ1960ዎቹ አርሲ ወይም ሸዋ ውስጥ እንደ ደራርቱ ያለ ሳንባ ይዛ የተወለደች ሴት ልጅ ብትኖር የምትወዳደርበት ርቀት አልነበረም። ስሟን አናውቅም፤ ልናውቀውም አንችልም። በሩ ካልተከፈተ ተሰጥኦው አይታይም።

የ10,000 ሜትሩ በር ሲከፈት ደግሞ እኛ አልነበርንም። ኢትዮጵያ የ1984ቱን ሎስ አንጀለስንም የ1988ቱን ሴኡልንም ኦሎምፒክ አልተሳተፈችም። ስለዚህ ባርሴሎና ለኢትዮጵያዊት ሴት በ10,000 ሜትር የመጀመሪያው ዕድል ነበር። ደራርቱም በመጀመሪያው ዕድል አሸነፈች። ሁለተኛ የወጣችው ደቡብ አፍሪካዊቷ ኢሌና ሜየር ናት፤ ሀገሯ በአፓርታይድ ምክንያት ከኦሎምፒክ ተገልላ ቆይታ ገና መመለሷ ነበር። ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን የዞሩበት ትዕይንት ዓለምን ያስለቀሰው ለዚህ ነው። ሁለቱም ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ከነበረ በር ነው የወጡት።

▪️ ካራቴስ?

ካራቴ የመጣው ከኦኪናዋ ደሴት ነው። ጊቺን ፉናኮሺ የሚባለው መምህር በ1922 (እ.ኤ.አ.) ቶኪዮ ሄዶ ካሳየ በኋላ በዋናው ጃፓን ተስፋፋ፤ ከዚያም ወደ ዓለም። የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በ1970 (እ.ኤ.አ.) ቶኪዮ ውስጥ ሲካሄድ የወንዶች ጉባኤ ነበር። ለሴቶች ቦታ መሰጠት የጀመረው ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ነው።

ስፖርቱን ለማያውቅ አንባቢ አጠር አድርጌ ላስረዳ። ሁለት ዓይነት ውድድር አለ። አንደኛው "ካታ" ይባላል፤ ተወዳዳሪዋ ብቻዋን ቆማ የተወሰነውን የእንቅስቃሴ ቅደም ተከተል ታሳያለች፣ ዳኞች ነጥብ ይሰጣሉ። ሁለተኛው "ኩሚቴ" ነው፤ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ይፋለማሉ። በእጅ የተመታ ንጹሕ ምት 1 ነጥብ፣ በእግር ወደ አካል የተሰነዘረ 2 ነጥብ፣ በእግር ወደ ጭንቅላት የተሰነዘረ ወይም ተጋጣሚን ጥሎ የተመታ 3 ነጥብ ያስገኛል። በቶኪዮ አንድ ግጥሚያ 3 ደቂቃ ነበር።

ከፊልም የተማርነው ካራቴ ሰውን መጣል ነው። በውድድር ግን ዋናው ነገር ራስን መግዛት ነው። ምቱ ፈጣንና ትክክለኛ መሆን አለበት፤ ነገር ግን ተጋጣሚን መጉዳት የለበትም። ፈርያል ባሸነፈችበት በዚያው ምሽት በወንዶች ከባድ ሚዛን ፍጻሜ የሳዑዲው ታሬግ ሐምዲ 4 ለ 1 እየመራ ኢራናዊውን ሳጃድ ጋንጅዛዴን በእግሩ ጭንቅላቱን መትቶ ራሱን አሳተው። ወርቁ የተሰጠው ራሱን ስቶ ለወደቀው ኢራናዊ ነው፤ የመታው ከውድድሩ ተሰረዘ። ይህን ያየ ሰው የፈርያል የ2 ለ 0 ውጤት ምን ያህል ክብደት እንዳለው ይገባዋል። በሙሉ ግጥሚያው ሰሌዳው ላይ የሰፈረው ሁለት ነጥብ ብቻ ነው። በዚያ ደረጃ አንድ ስሕተት ወርቅ ያስቀራል፤ አንድ ያለ ልክ የተሰነዘረ ምትም እንዲሁ።

▪️ በሩ እንዴት ተከፈተ፣ እንዴት ተዘጋ

ካራቴ ወደ ኦሎምፒክ ለመግባት ደጋግሞ አንኳኩቷል። ለ2012፣ ለ2016፣ ከዚያም በመደበኛው መንገድ ለ2020 ሞክሮ አልተሳካለትም። ጎልፍና ራግቢ ገቡ፤ ትግል (ሬስሊንግ) ወጥቶ ተመለሰ፤ ካራቴ ደጅ ቀረ። በመጨረሻ የረዳው ጃፓን አስተናጋጅ መሆኗ ነው። ነሐሴ 2016 (እ.ኤ.አ.) ሪዮ ላይ የዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ ጉባኤ ለቶኪዮ አምስት ተጨማሪ ስፖርቶችን ፈቀደ፤ አንዱ ካራቴ ሆነ። ጁዶ በ1964 እንደገባው ሁሉ ካራቴም በአስተናጋጇ ሀገር ትከሻ ላይ ተቀምጦ ገባ።

አሁን የፈርያልን ዕድሜ በዚህ ላይ አስቀምጡት። በ1999 (እ.ኤ.አ.) የተወለደች ናት። በሩ ሲከፈት 17 ዓመቷ ነው። የወጣትነት ዕድሜዋን በሙሉ ለአንድ ግብ ማዋል የምትችልበት ጊዜ ነበር።

የካቲት 2019 (እ.ኤ.አ.) የፓሪስ 2024 አዘጋጆች የሚጨምሯቸውን ስፖርቶች ይፋ አደረጉ። ካራቴ የለም። በምትኩ የጎዳና ዳንስ የሆነው ብሬኪንግ ገባ። ቶኪዮ ገና አንድ ዓመት ተኩል ይቀረዋል፤ ካራቴ ገና አንድ የኦሎምፒክ ግጥሚያ እንኳ አላካሄደም፤ ቀጣዩ በር ግን ተዘግቷል። ፈርያል ያኔ 20 ዓመቷ ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ጠዋት ተነሥታ ልምምድ ስትሠራ አንድ ነገር ታውቃለች፦ ያለኝ አንድ ዕድል ነው፤ "በሚቀጥለው" የሚባል ነገር የለም።

ከዚያም መጋቢት 2020 (እ.ኤ.አ.) ኦሎምፒኩ በኮሮና ምክንያት በአንድ ዓመት ተራዘመ። ያቺው አንዷ ዕድልም ትቀር ይሆን የሚል ጭንቀት መጣ። 2021 ሲደርስ ውድድሩ ተካሄደ፤ ግን ያለ ተመልካች። ካራቴ በተወለደበት ሀገር፣ የጃፓን ተጋድሎ ጥበባት ቤት በሚባለው አዳራሽ፣ ወንበሮቹ ባዶ ነበሩ።

ሌላም ችግር ነበር። በዓለም ሻምፒዮና የሴቶች ኩሚቴ አምስት የክብደት ምድቦች አሉት። ኦሎምፒኩ የፈቀደው ሦስት ብቻ ነው። ስለዚህ እስከ 68 ኪሎ የሚወዳደሩትና ከዚያ በላይ የሆኑት አንድ ላይ ተጨፍልቀው "ከ61 ኪሎ በላይ" ተባሉ። በዚያ ላይ በአንድ ምድብ የገቡት አሥር ያህል ተፋላሚዎች ብቻ ናቸው። በፍጻሜው የገጠመቻት ዛሬትስካ የ2018ቱ (እ.ኤ.አ.) የዓለም ሻምፒዮን ናት። ፈርያል ያሸነፈችው ይህን ሁሉ ነው።

ከእሷ አንድ ቀን ቀደም ብሎ የሀገሯ ልጅ ጂያና ፋሩክ በ61 ኪሎ ነሐስ አግኝታለች። አፍሪካ በኦሎምፒክ ካራቴ ያገኘችው ሜዳሊያ ሁለት ነው፤ ሁለቱም የግብፃውያን ሴቶች ናቸው።

ከዚያስ? ፓሪስ 2024 ሲደርስ ፈርያል 25 ዓመቷ ነበር፤ ለተፋላሚ ጥሩ ዕድሜ ነው። ወርቋን የምትከላከልበት መድረክ ግን አልነበረም። ለሎስ አንጀለስ 2028 ክሪኬት፣ ስኳሽ፣ ላክሮስ፣ ቤዝቦልና ፍላግ ፉትቦል ሲጨመሩ ካራቴ አሁንም አልተነሣም። ስለዚህ የኦሎምፒክ ሻምፒዮንነቷን ማንም አልቀማትም፤ ማንም ሊወርሳትም አልቻለም።

▪️ የሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ሴት

ፈርያል ብቻዋን አይደለችም። ከእሷ ሁለት ቀን ቀድማ፣ ሐምሌ 29 ቀን፣ የሴቶች ካታን ወርቅ የወሰደችው ስፔናዊቷ ሳንድራ ሳንቼዝ ናት። 39 ዓመቷ ነበር። በወጣትነቷ እናቷ በካንሰር ስትታመም ከጎኗ ለመሆን የብሔራዊ ቡድን የልምምድ ማዕከሉን ትታ ወጣች። በኋላ ልመለስ ስትል "አሁንማ ዕድሜሽ ሄዷል" ተባለች። ወደ ብሔራዊ ቡድኑ የገባችው ከ30 ዓመቷ በኋላ ነው። በ2018 (እ.ኤ.አ.) የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። በቶኪዮ ፍጻሜ ጃፓናዊቷን ኪዩ ሺሚዙን በ28.06 ለ 27.88 ነጥብ አሸነፈች፤ ልዩነቱ ከአንድ ነጥብ ሩብ እንኳ አይሞላም። በ2022 ከውድድር ተሰናበተች።

ሳንድራ በወጣትነቷ ምርጥ ዓመታት ላይ ሳለች ኦሎምፒክ በሩን አልከፈተላትም ነበር። ፈርያል ደግሞ ገና ብዙ ዓመት ሲቀራት ተዘጋባት። አንዷ ወደ ማምሻው፣ ሌላዋ በማለዳው፣ ሁለቱም በዚያች የሦስት ቀን ክፍተት ሾልከው ገቡ። በመካከል ስንት ሴቶች አሉ? በ1980ዎቹ፣ በ1990ዎቹ፣ በ2000ዎቹ የዓለም ሻምፒዮን የነበሩ፣ የኦሎምፒክ ምንጣፍ ሳይረግጡ ቀበቷቸውን የሰቀሉ። እነሱ ከፈርያል ያነሱ አልነበሩም። የተወለዱበት ዓመት ነው የለያቸው።

▪️ አሁን ወደ ቤታችን

እኔ የምኖረው ለቡ መብራት ኃይል ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከወጣችሁ ነጭ የካራቴ ወይም የቴኳንዶ ልብስ ለብሰው፣ ቀበቷቸውን አንገታቸው ላይ ጥለው ወደ ልምምድ የሚሄዱ ሕፃናት ታያላችሁ። ከእነሱ መካከል ሴቶቹ ቀላል ቁጥር የላቸውም። አንዲትን እናት "ለምን ካራቴ?" ብዬ ጠይቄያት ነበር። "መንገድ ላይ ማንም እንዳይነካት" አለችኝ። ቀጥዬ "ብትጎብዝስ? የት ትደርሳለች?" ስላት ሣቀች። "ኧረ እሱን እንኳ አላሰብኩትም ወንድሜ፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እስክትደርስ ነው" አለች።

መልሷን አልነቅፍም፤ ትክክለኛ ስሌት ነው። ልጅቷ ብትጎብዝ ቀጥሎ የሚጠብቃት ምንድን ነው? ጎረምሳው ሩጫ ቢወድ ከፊቱ ክለብ አለ፣ የሀገር ውስጥ ሻምፒዮና አለ፣ ማናጀር አለ፣ የጎዳና ላይ ውድድር አለ። ኢትዮጵያ እስከ ፓሪስ 2024 ድረስ ያገኘቻቸው የኦሎምፒክ ሜዳሊያዎች በሙሉ ከአትሌቲክስ ናቸው። በቶኪዮ ሰለሞን ደምሴ በቴኳንዶ 58 ኪሎ ተወዳድሮልናል፤ ስንቶቻችን አስታወስነው?

የሁለቱን ሀገሮች የቶኪዮ ውጤት አስተያዩ። ግብፅ 6 ሜዳሊያ ከአራት ስፖርት አገኘች፦ ሁለት በካራቴ፣ ሁለት በቴኳንዶ፣ አንድ በትግል፣ አንድ በዘመናዊ ፔንታትሎን። ከስድስቱ ሦስቱ የሴቶች ናቸው። እኛ 4 ሜዳሊያ ከአንድ ስፖርት አገኘን። አራቱም ከሩጫ።

በዚህ ላይ የሚነሣውን ክርክር አውቀዋለሁ፤ ከባድም ነው። "ደሃ ሀገር ነን፤ ያለንን አቅም በምንችለው ላይ እናፍስስ፤ ሩጫችን ከግብፅ ካራቴ በላይ ወርቅ አምጥቷል" ይባላል። እውነት ነው። ግብፅ የመጀመሪያ የኦሎምፒክ ወርቋን ያገኘችው በ1928 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ለሴት የመጀመሪያውን ወርቅ ለማየት 93 ዓመት ጠብቃለች። እኛ ከአበበ እስከ ደራርቱ የጠበቅነው 32 ዓመት ነው። በዚህ በኩል የምናፍርበት ነገር የለም። ከ1992 እስከ 2016 (እ.ኤ.አ.) ከተካሄዱት ሰባት የሴቶች 10,000 ሜትር የኦሎምፒክ ፍጻሜዎች አምስቱን ያሸነፉት ኢትዮጵያውያን ናቸው፦ ደራርቱ ሁለት ጊዜ፣ ሁለተኛውንም ልጅ ወልዳ ተመልሳ፤ ጥሩነሽ ዲባባ ሁለት ጊዜ፤ አልማዝ አያና በ29 ደቂቃ ከ17.45 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብራ። ተከፍቶ የቀረ በር ማለት ይህ ነው። ፈርያል ያላገኘችውም ይህንኑ ነው።

ነገር ግን ያዙልኝ ያልኳችሁን ሥዕል አሁን አምጡት። በቶኪዮ መድረክ ላይ በሦስት ባንዲራ የቆሙ ሦስት ሴቶች። የእያንዳንዷ መንገድ የየራሷ ነው፤ ሲፈን በልጅነቷ በስደት የወጣች ናት፤ ቃልኪዳን ደግሞ ለኢትዮጵያ ሮጣ የዓለም የቤት ውስጥ 1,500 ሜትር ሻምፒዮን ከሆነች በኋላ ነው ለባሕሬን የሮጠችው። ሦስቱንም በአንድ ምክንያት መጠቅለል ስሕተት ይሆናል። ያም ሆኖ ሥዕሉ አንድ ነገር ይነግረናል። አንድ ሀገር በአንድ ርቀት ሦስት ሰው ብቻ ነው የሚያሰልፈው። በአንድ በር የተሰለፈው ሕዝባችን ደግሞ እልፍ ነው። በሰልፉ መካከል የቀረችው አራተኛዋ፣ ሰባተኛዋ፣ ሃያኛዋ ሯጭ የት ትግባ? ሩጫ የማይሆንላት፣ ግን ዓይኗ ፈጣን፣ ልቧ ደፋር የሆነችው የለቡ ልጅስ?

ሁለተኛው ክርክር ገንዘብ ነው። በግብፅ ትልልቅ የስፖርት ክለቦች አሉ፤ የከተማው መካከለኛ ኑሮ ያለው ቤተሰብ ልጁን ክፍያ ከፍሎ ያስገባል። እኛ ይህ የለንም። ይሁን እንጂ ካራቴ ፈረስም ጀልባም አይጠይቅም። ንጹሕ ወለል ያለው አዳራሽ፣ ምንጣፍ፣ አንድ ልብስ፣ አንድ አሠልጣኝ ይበቃል። አሠልጣኞቹና ልጆቹ ደግሞ ዛሬም በየሰፈሩ አሉ። የጎደለው ውድድር ነው። ልጅቷ ቀበቶ ትቀይራለች፣ ከቢጫ ወደ አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴ ወደ ቡናማ ትሄዳለች፤ ነገር ግን ከሌላ ሰፈር እኩያዋ ጋር ተጋጥማ ራሷን የምትለካበት ቋሚ መድረክ ካላገኘች ቀበቶው የቤት ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

▪️ ስለዚህ ምን ይደረግ?

እንደኔ እንደኔ ሦስት ነገር።

አንደኛ፣ ውድድር። በወረዳ፣ ከዚያ በክፍለ ከተማ፣ ከዚያ በከተማ ደረጃ የሴቶች የማርሻል አርት ውድድር ቀኑ አስቀድሞ የታወቀ፣ በየዓመቱ የማይቀር ይሁን። በትምህርት ቤቶች ጨዋታ ውስጥ እግር ኳስና ሩጫ ቦታ እንዳላቸው ሁሉ ለእነዚህም ቦታ ይሰጣቸው። ትልቅ በጀት አይፈልግም፤ የማይዘነጋ ሰው ይፈልጋል።

ሁለተኛ፣ መዝገብ። ማን ከማን ገጠመች፣ ስንት ለስንት፣ በስንት ኪሎ፣ በየትኛው ቀን የሚለው ይጻፍ፣ ይታተም። ስለ ፈርያል ይህን ሁሉ ልጽፍላችሁ የቻልኩት ውጤቷ ተመዝግቦ ስላለ ነው። የእኛዎቹ ሴት ተፋላሚዎች ታሪክ ግን በአሠልጣኞቻቸው ትዝታና በስልካቸው ፎቶ ውስጥ ነው ያለው። ስልኩ ሲሰበር ታሪኩም አብሮ ይጠፋል። ይህ የፌዴሬሽኖችም የእኛ የጋዜጠኞችም ሥራ ነው።

ሦስተኛ፣ እውነቱን ለልጆቹ መንገር። "ኦሎምፒክ ትደርሻለሽ" ብለን አንሸንግላቸው። የኦሎምፒክ በር ከእጃችን ውጭ ነው፤ ሎዛን ላይ ተወስኖ ይከፈታል፣ ሎዛን ላይ ተወስኖ ይዘጋል። ፈርያል የኦሎምፒክ ሻምፒዮን ሆና እንኳ በሩን ክፍት ማድረግ አልቻለችም። የሰፈር፣ የከተማና የሀገር በር ግን በእጃችን ነው። አንዲት ልጅ በ15 ዓመቷ የከተማዋ ሻምፒዮን መሆኗ ራሱን የቻለ ክብር እንዲሆን ማድረግ እንችላለን። ያኔ ያቺ እናት "የት ትደርሳለች?" ተብላ ስትጠየቅ የምትሰጠው መልስ ይኖራታል።

የ1928ቱ ዳኞች ሴት 800 ሜትር አትችልም ሲሉ ክፋት አልመሰላቸውም፤ ልማድ ነበር። እኛም ዛሬ ሴት ልጃችን ካራቴ ስትማር "ለመከላከያ ነው" ብለን ስናቆም ክፋት የለንም፤ ልማድ ነው። ልማድ ግን ያለ ጩኸት በር ይዘጋል። ማንም ቁልፉን ሲያዞር አይታይም፤ ከዓመታት በኋላ ግን ያልገቡት ሴቶች ስማቸው እንኳ አይታወቅም።

በሚቀጥለው ነሐሴ 1 ደራርቱን አስቡ፤ የሚገባት ነው። ከእሷ ጎን ደግሞ የአባይን ውኃ ከሚጠጡት ወገን የሆነችውን ያቺን የካይሮ ልጅ አስቡ። ስለ ግድቡ የምንከራከረውን እንከራከራለን፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። ከጎረቤት መማር ግን ሽንፈት አይደለም። ደራርቱ በሩ ሲከፈት ስንት ሴት ተከትላ እንደምትገባ አሳይታናለች። ፈርያል ደግሞ በሩ አንድ ጊዜ ብቻ ቢከፈት እንኳ ተዘጋጅታ የቆመች ሴት እንደምትገባበት አሳይታናለች። ተዘጋጅታ እንድትቆም የሚያደርጋት ውድድር መፍጠር የእኛ ድርሻ ነው።

ሐሳባችሁን ጻፉልኝ። በተለይ ሴት ልጃችሁን፣ እኅታችሁን ማርሻል አርት የምታስተምሩ፣ የምታሠለጥኑም ካላችሁ፣ በሰፈራችሁ ለሴቶች ውድድር አለ ወይ? ካለ መቼና የት እንደሚካሄድ ንገሩን፤ እንጽፈዋለን።

መልካም ጊዜ።